የጋሽ ከድር ቼምባሎ

ጋሽ ከድር ሲቀበሩ አልነበርኩም።

አየር ጤና፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ እትዬ ጽጌ ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ኮልፌ ሠፈራችን ውስጥ የታመመውንም የሞተውንም ከእሳቸው ቀድሞ የሚያውቅ የለም። «ሰማህ?» አሉኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። ጋሽ ከድር ጠዋት ዐርፈው ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል፤ ቀባሪው እየተመለሰ ነው። «ማንም ያልነገረህ ቢመስለኝ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ቀደም ባለው ጊዜ ቢሆን ኖሮ የእሳቸውን ሞት ለእድርተኛው የማሳውቀው እኔ ነበርኩ። አስራ አንድ ዓመት የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከተውኩት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለምን እንደተውኩት ለጠየቀኝ ሁሉ ጤናዬን ምክንያት ስሰጥ ኖሬያለሁ። እውነተኛውን ምክንያት የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን እነሆ ቀበሯቸው።

ጋሽ ከድር አናጢ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ መላጊያ ከመግፋት ብዛት ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ ሰው። ለጁምዓ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሲወጡ እንኳ ጆሯቸው ላይ የምትሰካው እርሳስ አትለያቸውም ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ ከመቀመጣቸው በፊት የጠረጴዛውን ጠርዝ ከታች በኩል በአውራ ጣታቸው ዳበስ ያደርጉታል። አሠራሩ ካልጣማቸው ምንም አይናገሩም፤ እጃቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። ይህን ዐመላቸውን የምናውቅ ሰዎች እጃቸውን እያየን የዕቃችንን ፍርድ እንሰማ ነበር። ኮልፌ ውስጥ ስንት በርና ቁም ሣጥን እንደሠሩ እሳቸውም አያውቁትም። ሚስማር መምታት አይወዱም። «ሚስማር የሰነፍ ኮላ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ እሁድ የእድሩን ወንበሮች ከለቅሶ ቤት ስረከብ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የእድሩ አዳራሽ በየወሩ መጨረሻ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንዳለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው።

«እንግዲያው ለኔ ስጠኝ። ሙዚቃ ላሰማበት ነው።»

ሰርግ መስሎኝ የማን እንደሆነ ጠየቅኩ። የማንም አይደለም አሉኝ። የጣሊያን ሙዚቃ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተደረሰ፤ የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ የሚሰማው ሰው ምንም አይከፍልም። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ።

ከእንጨት ሥራ ቤታቸው ጀርባ ባለችው ሳሎን፣ ከሶፋው ጎን፣ በአበባ አንሶላ የተሸፈነ ረጅም ነገር ቆሟል። አንሶላውን ሲገልጡት በአንድ ወገኑ ሰፊ፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ፣ የትልቅ ወፍ ክንፍ የመሰለ የእንጨት ሣጥን ሆነ። ፊቱ ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል። ፒያኖ ነው ወይ ስላቸው፣ «የፒያኖ አያት ነው» አሉኝ። «ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታዋል፤ ይኼ እንደ ክራር ይቆነጥረዋል። ቼምባሎ ነው የሚባለው።»

ታሪኩን የነገሩኝ የዚያን ዕለት ነው። በሃያ ዓመታቸው አንድ ጣሊያን የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥረው ነበር። ሰውየው ቼምባሎውን በገዛ እጁ የሠራው በትርፍ ጊዜው ነው፤ እሁድ እሁድ ሥራ ቤቱን ዘግቶ ይጫወተዋል። ከድር ደግሞ ሥራ በሌለበት ቀን እየሄዱ ከደጅ ቆመው ይሰማሉ። አንድ ቀን ሲኞሩ፣ ጣሊያኑን እንዲህ ነበር የሚጠሩት፣ በሩን ድንገት ከፍቶ አገኛቸው። አልተቆጣም፤ ወንበር ሰጣቸው። ከዚያ እሁድ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ክሩን መቃኘት፣ ቀጥሎ ኖታ ማንበብ፣ በመጨረሻ መጫወት አስተማራቸው። በደርግ ጊዜ አገር ለቆ ሲሄድ ቼምባሎውንና በእጁ የገለበጣቸውን የኖታ ደብተሮች ሰጥቷቸው፣ እስክመለስ ጠብቅልኝ አላቸው። አልተመለሰም።

«ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ በር ዘግቼ ብቻዬን ስሰማው ኖርኩ» አሉኝ ጋሽ ከድር። «እሱ እኔን ከደጅ አስገባኝ፤ እኔ ማንንም አላስገባሁም። አሁን አሁን ሌብነት እየመሰለኝ መጣ።»

ለመጀመሪያው እሁድ ማስታወቂያውን እኔው ጽፌ የእድሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። የመጣው ሰው አስራ አንድ ነበር፤ ግማሹ አስቸኳይ ስብሰባ የተጠራ መስሎት ነው። ጋሽ ከድር ኮታቸውን ለብሰው፣ ምንም ንግግር ሳያደርጉ ተቀምጠው ጀመሩ። እንደ ጠጠር ጥርት ያለ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ድምፅ ነበር፤ አንዱ እጅ የሚናገረውን ሌላው እጅ ተከትሎ የሚደግመው። ችግሩ ድምፁ አነስተኛ መሆኑ ነው። ከኋላ ወንበር የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽፈራው ማይክራፎን ይደረግለት፣ ምንም አይሰማም አሉ። ጋሽ ከድር እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡና ዞር አሉ።

«ድምፁ ይኸው ነው። እናንተ ቀረብ በሉ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና አግዳሚውን እየጎተተ ወደፊት ሄደ። ሲጨርሱ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ማንም አላወቀም። እትዬ ጽጌ ናቸው በመጨረሻ የተናገሩት። አንድ ክራር አሥር ሰው ሲይዘው እንዲህ ይሆናል አሉ። ጋሽ ከድር ደስ አላቸው። ዛሬ ያልገባው ሰው በሚቀጥለው ወር እንዲመጣ ለመኑ። ጆሮም እንደ እንጨት ነው፣ ካልተላገ አይለሰልስም አሉን።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ዘለቀ። አስራ አንዱ ሰው ሠላሳ፣ አርባ ሆነ። ጋራዥ የሚሠሩ ጎልማሶች ከነቱታቸው መጥተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንደለበሱ የሚመጡ አሉ፤ የመስጊድ ጎረቤቶቻቸውም ይመጣሉ። አንድ ሽማግሌ ሙዚቃ ለእርስዎ ዕድሜ ተገቢ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ዘፈን የለው፣ ግጥም የለው፣ እንጨት ነው የሚናገረው ብለው እንደመለሱላቸው አስታውሳለሁ። አዛን ሲሰማ እጃቸውን አንሥተው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበውም እንደዚሁ። ሁላችንም አብረናቸው እንጠብቃለን። እንደዚያ አርባ ሰው አንድ ላይ ዝም ሲል ከዚያ በፊት ያየሁት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለእድሩ ስሞታ መጣ። ጋሽ ከድር ጠዋት ጠዋት በቆሻሻ መጣያው ዙሪያ የቁራ ላባ ሲለቅሙ ታይተዋል፤ መተት ሳይጀምሩ አይቀሩም ተባለ። አቶ ሽፈራው እኔን ላኩኝ። እያፈርኩ ስጠይቃቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አስቀምጠውኝ የአንዱን ላባ አገዳ በምላጭ ቆርጠው፣ ከጥፍር ያነሰች ሹል ነገር አወጡና ቼምባሎው ውስጥ ሰኳት። ክሩን የምትቆነጥረው እሷ ናት። ቁልፉን ሲጫኑት ጠራ። ሲኞሩ የቁራን የሚያህል የለም ይል ነበር አሉኝ። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ሴቶቹ ግቢያቸው ውስጥ ያገኙትን ላባ በፌስታል እያደረጉ ይልኩላቸው ጀመር።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስኩ።

ቼምባሎው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቅኝቱ ስለሚበላሽ ከጊዜ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንዲቀመጥ ተስማምተን ነበር። ጋሽ ከድር እግሮቹ የሚያርፉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየመጡ ያዩታል። ነሐሴ ላይ ታላቅ ወንድማቸው ስልጤ አገር ዐረፉና ለለቅሶ ሊሄዱ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት መጥተው አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ።

«ጌታሁን፣ ይኼ ዕቃ ውሃ ይፈራል። ማንም እንዳያነሳው። የግድ ከሆነ ደውልልኝ፤ ለቅሶውን ትቼ እመጣለሁ።»

እሺ አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። አቶ ሽፈራው ሰው ይበዛል፣ ሣጥኑ ለአንድ ቀን ከፊት ይነሣ አሉ። አደራ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ለአንድ ቀን ነው አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። ያዘነ ሰው ለዚህ አይጠራም አልኩና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ግን ከሊቀ መንበሩ ጋር መከራከር አልወደድኩም፤ ጋሽ ከድር ደግሞ ብደውልላቸው በእርግጥ ይመጡ ነበር። አራት ሆነን አንሥተን ድንኳን ማስቀመጫው ቆርቆሮ ቤት አስገባነው።

ጉባኤው አለፈ። በማግስቱ እመልሰዋለሁ ስል ሥራ ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ድንኳን መጣ፤ ርጥብ ነበር። ያመጡት የቀን ሠራተኞች አጣጥፈው ቼምባሎው ላይ ሲያሳርፉት ቆሜ አይቻለሁ። ነገ አነሣዋለሁ ብዬ በሩን ቆለፍኩ። ዝናቡ አላባራም። የመለስኩት በሰባተኛው ቀን ነው፤ አየር ጤና ሄጄ የቀን ሠራተኞች አምጥቼ።

ክዳኑን ስከፍት ከክሮቹ ሥር የተዘረጋው ቀጭን ጣውላ፣ ያ ሁሉ ድምፅ የሚወጣበት፣ አብጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ኮላው ለቆ ጎኑ ተከፍቷል፤ ክሮቹ መዛግ ጀምረዋል። ውሃውን በጨርቅ ጠረግኩት። አንሶላውን አለበስኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ጋሽ ከድር የተመለሱት በኮንሰርቱ ዕለት ነው። ቀደም ብለው መጥተው ሊቃኙት አስበው ነበር፤ መንገድ ላይ ጎርፍ አውቶቡሱን አዘገየው። ሲገቡ ሰዉ አግዳሚውን ሞልቶ ይጠብቃል። ጫማቸው ላይ የአገር ቤት ጭቃ ነበር። ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ ስለ ወንድማቸው ሞት የሚያጽናናቸውን እያመሰገኑ ወደፊት አለፉና አንሶላውን ገለጡት። ክዳኑን አነሡ።

አውራ ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ዘወር ሳይሉ፣ ዛሬ ታሟል፣ አደከምኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አሉ። ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። እኔ ቀረሁ።

«ምን አግኝቶት ነው?» አሉኝ።

«ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል» አልኩ።

ወደ ላይ አዩ። ኮርኒሱ ላይ አንድ የውሃ ምልክት የለም። ወደ ታች አዩ። የቼምባሎው እግሮች ከእርሳስ ምልክቱ አንድ ስንዝር ርቀው ቆመዋል። ማየታቸውን አየሁ። «ይሆናል» አሉ።

በማግስቱ መሰላልና የመዶሻ ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። የሰባ ዓመት ሰው ጣሪያ ላይ ሲወጡ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮውን ሚስማር በሚስማር ሲዳብሱ ከታች ሆኜ እሰማለሁ። ያኔ ብናገር ኖሮ፣ መሰላሉን እንደያዝኩ አንገቴን ቀና አድርጌ ጋሽ ከድር ይውረዱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብል ኖሮ፣ ይህን ዛሬ አልጽፈውም ነበር። አልተናገርኩም። ወረዱ። እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ፣ «አገኙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አገኘሁት» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቃቸው ሁሉ ጣሪያው አፍስሶ ነው ይሉ ነበር። ዕቃውን አብረውኝ ያወጡት ሰዎች በማግስቱ የመለስኩት ስለመሰላቸው አመኗቸው። ውሸቴን ከእጄ ተቀብለው እሳቸው ተሸከሙልኝ።

ቼምባሎው ወደ ቤታቸው ተመለሰ፤ የእሁዱ ሙዚቃ ቀረ። ሰዎች ለጥቂት ወራት በወሩ መጨረሻ እሁድ አዳራሹ ድረስ እየመጡ፣ በሩ ዝግ መሆኑን እያዩ ይመለሱ ነበር። እኔም ጸሐፊነቱን ተውኩ። በእሳቸው ደጅ የሚያሳልፈውን መንገድ ትቼ በወፍጮ ቤቱ በኩል መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጠፋህ» አሉኝ። ከዚያ ስለ እንጨት ነው ያወሩኝ። ሲኞሩ የተጠቀመበት ዓይነት አገራችን የለም፤ ዝግባ ሞክረው እምቢ ብሏቸዋል፤ አሁን ከፈረሰ ቤት የስልሳ ዓመት የጥድ በር አግኝተዋል፤ በደንብ የደረቀ ነው፤ እሱን በስሱ ሊልጉት ነው። ፊታቸው በርቶ ነበር። እኔ ግን አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን ያነሡታል እያልኩ አንገቴን ደፋሁ። ከመድረሻዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ከመሞታቸው ሁለት ወር አስቀድሞ ልጃቸው ሐያት ደወለችልኝ። አባዬ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ይበል ብሏል አለችኝ። እሺ አልኩና አልሄድኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግማ ደወለች፤ ሰበብ ሰጠኋት። ሦስተኛውን ስልክ አላነሳሁም። ጋሽ ከድር በመጨረሻ ሊፋረዱኝ ቆርጠዋል ብዬ አመንኩ። ሲደወል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እስኪያቆም አየው ነበር።

ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ትንሽ እንደተቀመጥኩ ሐያት አየችኝና ጠርታ ወደ ሳሎን አስገባችኝ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም ጣቶቿ የአባቷ ናቸው። ቼምባሎው ከሶፋው ጎን ቆሟል፤ አልተሸፈነም። ውስጡ አዲስ ጣውላ ተዘርግቷል፤ ቀይ ዳማ፣ ወረቀት የሚያህል ስስ፣ አንድም ሚስማር የሌለው። ክሮቹ ተወጥረዋል።

«ጨርሶት ነበር» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ያህል ስድስት ጊዜ ሠርቶ ስድስት ጊዜ አፍርሶታል። የመጨረሻው እሺ አለው። ያን ዕለት እንደ ልጅ ነው የሆነው። እትዬ ጽጌን እንጥራ ስለው፣ መጀመሪያ ጌታሁን ይስማው አለ። ሦስት ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ ጠበቀዎት። በአራተኛው ታመመ። እኛ ከግድግዳው ወዲያ ሲቃኘው ሰማነው እንጂ ለሌላ ሰው አልተጫወተም።»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። አደራውን፣ ያልደወልኩትን ስልክ፣ ርጥቡን ድንኳን፣ መሰላሉን፤ ሁሉንም። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያልቃል ብዬ ያልጠበቅኩት ነገር በጥቂት ደቂቃ አለቀ።

ሐያት ቆማ ነበር የሰማችኝ። «እኛ ጣሪያው ነው ብለን ነው የምናውቀው» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ እስክትሞት ያንን ጣሪያ ስትረግም ነበር። አንድ ቀን አልነገረንም።» ቀጥላም፣ «ለሱ ለምን አልነገሩትም?» አለችኝ።

«ፈራሁ።»

«አባዬን? ቁጡ ሰው ነበር?»

አልነበሩም። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«እሱ ይቅር ብሎዎታል፤ ባይል አይጠራዎትም ነበር» አለችኝ። «እኔ ግን ዛሬ አልችልም፣ ጋሽ ጌታሁን።» የቼምባሎውን ክዳን በሁለት እጇ ዝቅ አድርጋ ከደነችው፤ ከውጭ ሰው ሲጠራት ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ክዳኑን ባነሣው የሚከለክለኝ አልነበረም። አላነሣሁትም። ሠፈራችን ውስጥ ያንን ዕቃ መጫወት የሚችል ሌላ ሰው የለም። የጥዱ ጣውላ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።